በየትኛው ሐ?

«ማዘር» አለኝ።

ከዚያ ቀን በፊት በዕድሜዬ ማዘር ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ጡት ያላጠባሁት፣ ያላሳደግሁት፣ ሊያሠለጥነን ከአዲስ አበባ ትናንት የመጣ ጎረምሳ ነው እንዲህ ያለኝ። «ማዘር፣ ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ። ይሄ ነገር ለናንተ ትንሽ ይከብዳል።» ለናንተ ሲል እነማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለሴቶች ይሁን፣ ለባሕር ዳር ሰው ይሁን፣ ጸጉሩ ሽበት ለጀማመረው ሁሉ ይሁን እሱ ያውቃል። ደሜ መፍላት የጀመረው ግን ያን ጊዜ ነው፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። መሥሪያ ቤታችን የቦታ ማኅደር ያስቀምጣል፤ ማን የት እንደያዘ፣ ከማን እንደገዛ፣ ከማን እንደወረሰ። ወጣትነቴን የጨረስሁት በእነዚያ ማኅደሮች መካከል አቧራ እየቃምሁ ነው። አንድ ቀን ወረቀት ቀረ ተባለ። ልጆች ተቀጥረው መጡና ወረቀቱን ሁሉ በማሽን እያነሡ ኮምፒውተር ውስጥ ከተቱት። ወረቀቱ በጆንያ ታስሮ ወደ አንድ መጋዘን ተጫነ፤ መደርደሪያዎቻችን ባዷቸውን ቀሩ። ማኅደሩ የገባበት ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ሌላው ዐይነት አይደለም። ሥዕል የለው፣ በማውዝ የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው። አንቺ ትእዛዝ ትጽፊለታለሽ፣ እሱ ይፈጽማል። አንዲት ፊደል ከሳትሽ «የለም» ይልሻል፤ ምን ለማለት እንደፈለግሽ አይገምትልሽም።

ኃላፊያችን ሰበሰበንና ሥልጠና እንደተዘጋጀ ነገረን። «በመጨረሻ ፈተና አለ» አለ። «ያለፈ እዚሁ ይቀጥላል። የወደቀ ዱርቤቴ ቅርንጫፍ ይመደባል፤ እዚያ ገና በወረቀት ነው የሚሠራ።»

ዱርቤቴን ጠልቻት አይደለም፤ ደግ አገር ናት፣ ገበያዋም ጥጋብ ነው። ቤቴ ግን ዘንዘልማ ነው፤ ከተማው በዚያ ወገን የሚያልቅበት። ዱርቤቴ ደግሞ በሌላው ወገን ናት። ጠዋት በባጃጅ፣ ከባጃጅ በሚኒባስ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እንደገና በሚኒባስ። ይህም መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ነው። መቼ እንደሚዘጋ ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ዘንድሮ የምንኖረው እንዲህ ነው። ሄጄ መንገድ ቢዘጋብኝና እዚያ ባድር፣ አባቴን ማን ያያቸዋል?

አባቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ከዚያ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የላቸውም። አንድ ቀን እኔ ቢሮ ሳለሁ ወጥተው፣ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ወድቀው ጎረቤት ነው ያወጣቸው። «ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ» ስላቸው አይሰሙኝም። ቤቱን በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ይሄዱበታል፤ የቱ ጋ ስንጥቅ እንዳለው፣ የቱ ጋ ምስማር እንደወጣ ጣታቸው ያውቀዋል። ሌላ ቤት ለእሳቸው ጨለማ ነው። «እኔ ከዚህ የምወጣ በቃሬዛ ነው» ይላሉ፤ ሲሉም የምራቸውን ነው። እንግዲህ ከወደቅሁ አባቴ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያን ጥቁር መስኮት ፊት ለፊት ይዤ የተቀመጥሁት ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነበር።

የምንሠለጥንበት አዳራሽ መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። አሠልጣኙ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአዲስ አበባ ልጆች ቋንቋ ያወርደው ጀመር። «ኤል፣ ኤስ፣ ኢንተር» አለ። ኤልኤስ ማለት «እዚህ ውስጥ ምን ምን አለ፣ አሳየኝ» ማለት ነው፤ ኢንተር ደግሞ «ፈጽም» የምትለው ቁልፍ ናት። ጻፍሁ። መስኮቱ ላይ የወጣው «ልስ» ነው። ቁልፍ ሰሌዳው አማርኛ ላይ ነበራ። እኛ ውለን የምናድረው በአማርኛ ስንጽፍ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት ብሎ የነገረን ሰው የለም። ማሽኑ ልስ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለኝ። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ አነበበና፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ «ማዘር ኮምፒውተሩን ላስ እያለችው ነው» አለ። ሳቁብኝ። አብረውኝ ስንት ዓመት የሠሩ ሰዎች ሳቁ። ከእነሱም ግማሾቹ «ልስ» ጽፈው በእጃቸው ሸፍነውት እንደነበር እኔ አይቻለሁ።

ቀጠለ። «አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ሲዲ፣ ክፍተት፣ ሁለት ነጥብ።» ሁለት ነጥብ አለ፤ ሁለት ነጥብ ጻፍሁ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ከፊደል ቤት ጀምሮ ሁለት ነጥብ ማለት ይኸው ነው፤ በቃልና በቃል መካከል የሚገባ። ማሽኑ እምቢ አለ። ደገምሁት፤ እምቢ አለ። ልጁ መጣና በእጄ ላይ እጁን አሳልፎ ቁልፍ ሰሌዳውን ከፊቴ ሳበው። ጎን ለጎን ሁለት ነጠብጣብ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ቀላል ነው እኮ» ብሎ ገፋልኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ማዘር ማለቱን ልተወው። «ጻፍሁ» ባልሁ ቁጥር «ጻፍኩ» እያለ በራሴ አገር አፌን ማረሙንም ልተወው። እኔ «እርስዎ» እያልሁት እሱ «አንቺ» ማለቱን፣ እሱንም ልተወው። ቁልፍ ሰሌዳ ከሰው እጅ መሳብ ግን እየበላ ያለ ሰው ፊት ትሪ እንደ ማንሣት ነው። ሊያስተምር አይደለም የመጣው፤ ሲያውቅ እንድናይለት ነው የመጣው። በዚያ ሥልጠና እጁ ያልገባበት የእኔ ሥራ አልነበረም ማለት እችላለሁ። የተማርሁትን የተማርሁት ቤቴ ነው።

አባቴ ማታ ማታ ራት እያበላኋቸው «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላሉ። የሁለት ነጥቡን ነገርኋቸው።

«ሁለት ነጥብ ጻፊ አለሽ፣ ሁለት ነጥብ ጻፍሽ» አሉ። «ጥፋቱ የማን ነው?»

«እሱ እኮ ጎን ለጎን ማለቱ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ጎን ለጎን ይበላ። አስተማሪ ቃሉን አይመርጥም እንዴ?»

«ማሽኑም እኮ ያው ነው፤ ትንሽ እንኳ አይተውም።»

«ማሽኒቱን ተያት። እሷ ያልሻትን ነው ያደረገች፤ ያላልሻትን ብታደርግ ነው ክፉ። እኔ ስማር መምህሬ እንዲህ ነበሩ፤ አንዲት ፊደል አይተዉም።»

እንግዲህ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በአማርኛ እያዞርን ተማርናቸው። ኤልኤስ «ምን አለ?» ሆነ። ሲዲ «ግቢ» ሆነ። ሲፒ «ቅጂ»፣ ኤምቪ «አዛውሪ»። አባቴ ከሁሉ የወደዱት ፒደብልዩዲን ነው። እሱ «የት ነኝ?» ማለት ነው፤ ብትጽፊው ማሽኑ ያለሽበትን ቦታ ከሥር እስከ ጫፍ ይነግርሻል። «ይህችስ ጸሎት ናት» አሉ። «የት ነኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋም።» ከዚያ ቀን ወዲያ ከመኝታቸው ተነሥተው ግድግዳውን ሲነኩ «ፒደብልዩዲ» ይላሉ፣ እኔ ከማድ ቤት «ጓዳው በር ላይ» እላለሁ፤ «ዐውቄአለሁ፤ አንቺን ልፈትን ነው» ይላሉ። ያን ሰሞን ከአዳራሹ ነድጄ ስገባ የሚያስቀኝ ይኸ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ አርኤም ላይ ደረስን። አርኤም «አጥፊ» ማለት ነው።

«ያጠፋሽው ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ።

«የትም አይሄድም። በዚህኛው ማሽን ቅርጫት የለም፤ ጠፋ ጠፋ ነው። ‹እርግጠኛ ነሽ?› ብሎም አይጠይቅ።»

«እንግዲያስ ይህችን ስትጽፊ እጅሽ ይንቀጥቀጥ» አሉ።

በሥልጠናው መካከል አንድ ነገር ተመለከትሁ። ባህር ዳር ወደሚለው የማኅደር ሳጥን፣ ፎልደር ወደሚሉት፣ ግቡ ተባልን፤ ሲዲ ብዬ ገባሁ። ኤልኤስ ብዬ ዘረዘርሁ። የዘንዘልማ ወገን አለ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አለ፣ በሐይቁ ዳር ያለው ግን አንድም የለም። የሐይቅ ዳር ማኅደሮችን እኔ በእጄ ስንት ጊዜ አውጥቼ መልሻቸዋለሁ፤ ገጻቸው ከእርጥበቱ የተነሣ የሚሻግት እነሱ ብቻ ስለሆኑ ጠረናቸውን እንኳ አውቀዋለሁ። ልጁን «የሐይቅ ዳሩ የት ሄደ?» አልሁት። «ያለው ያ ነው ማዘር» አለኝ፤ ዐይኑ ስልኩ ላይ ነው።

ወደ ቤት በባጃጅ ስሄድ ይህንኑ እያሰብሁ ከመስታወቱ ውጭ ያለውን ታፔላ ሁሉ አነብብ ነበር። አንዱ ሱቅ «ባህር ዳር» ይላል፣ ቀጥሎ ያለው «ባሕር ዳር» ይላል፤ አንዱ ፋርማሲማ ከላይ በአንዱ ጽፎ ከታች በሌላው ደግሞታል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርሁት ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን ግን ዐይኔ ቀረበት። ማታ ለአባቴ ነገርኋቸው።

«በየትኛው ሐ ነው የጻፍሽ?» አሉ።

«በሀሌታው።»

«ለምን? እኔ እንዲህ ነው ያስተማርሁሽ? ባሕር በሐመሩ ነው። በሀሌታው የተጻፈ ባሕር ውኃ አይዝም።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን እናደድባቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ስለዚህ ነገር ብዙ ተቆንጥጫለሁ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ ያቆሙኝ ነበር፣ ጓደኞቼ ውጭ ሲጫወቱ። «ሲነበብ ያው አይደለም እንዴ?» ብዬ ያለቀስሁበትን ቀን አልረሳውም። በማግስቱ አዳራሹ ገብቼ ሲዲ ብዬ በሐመሩ ሕ ጻፍሁ፤ ሌላ ባሕር ዳር ተከፈተልኝ። ኤልኤስ አልሁ። የሐይቅ ዳሩ ማኅደር ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወረቀቱን ያነሡት ልጆች ሁለት ቡድን ነበሩ። አንዱ ቡድን በሀሌታው ጻፈ፣ ሌላው በሐመሩ ጻፈ። ለጆሮ አንድ ከተማ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ከተማ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

ለአሠልጣኙ ነገርሁት፤ አስረድቼ፣ ሁለቱንም ከፍቼ አሳየሁት። «ባህር ዳር፣ ባህር ዳር» ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበ። «ያው ነው እኮ ማዘር። ሲነበብ አንድ ነው።» ሄደ። ልጅ ሳለሁ ያልሁትን ነው ያለው፤ የሚቆነጥጠው አጣ እንጂ።

የፈተናው ቀን ኃላፊያችን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እያንዳንዳችን ተራ በተራ ፊት ወጥተን፣ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ፣ አንድ ትእዛዝ እንፈጽማለን። የሌሎቹ ቀላል ነበር፤ ይኸን ቅዳ፣ ያን አዛውር። የእኔ ተራ ደረሰ።

«እንግዲህ ማዘር» አለ ልጁ፣ «ሁለት ባህር ዳር አለን። አንዱ ትርፍ ነው፣ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛውን አጥፊልን።» ጣቱን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። ያመለከተው በሐመሩ የተጻፈውን ነው።

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። «ትርፍ አይደለም» አልሁ። «ነግሬዎት ነበር። ይኸ የሐይቅ ዳሩ ነው፣ ያ የወዲያኛው ነው። ኤልኤስ ብዬ ላሳይዎት።»

«ፈተናው ማሳየት አይደለም፣ ማጥፋት ነው። ትእዛዙን ትፈጽሚያለሽ ወይስ አትፈጽሚም?»

ኃላፊዬን ዞሬ አየሁት፤ ዐይኑን ሰበረ። አባቴ የወደቁበት ቦይ መጣብኝ። የዱርቤቴ መንገድ መጣብኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ነው። አርኤም ብዬ ጻፍሁ። ባሕር ዳርን እስከ መጨረሻው ጻፍሁ። ኢንተር ብቻ ቀረች። እጄን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ይንቀጥቀጥ ብለው የለ? ያን ጊዜ የጻፍሁትን ከኋላ ጀምሬ አንድ በአንድ ሰረዝሁት።

«አላጠፋም» አልሁ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልሁት። «አንተ፣ ስማ። ይህ የሰው ቤት ነው። እዚህ ውስጥ ባሏ የሞተባት አለች፣ ከአባቱ የወረሰ አለ፣ ጎረቤቱ አጥር እየገፋበት ይህን ወረቀት ብቻ ተማምኖ የተቀመጠ አለ። አንተ ነገ ትሄዳለህ። ፊደል መለየት ካልቻልህ ቢያንስ ለሚለይ ሰው ጆሮህን ስጥ።»

ፊቱ ቀላ፤ ግን የተሰማው እፍረት አልነበረም። እንደ ልማዱ መጣና ቁልፍ ሰሌዳውን ከእጄ ሥር ሳበው። ያዝሁት፤ ሳበው። አርኤም ብሎ ጻፈ፣ ኢንተርን ነካት።

ያ ማሽን ሲሳካለት ምንም አይልም። ስትሳሳት ነው የሚናገር፤ የታዘዘውን ሲፈጽም ዝም ነው የሚል። ዝም አለ። ኤልኤስ ቢሉት አንድ ባህር ዳር ብቻ ነበር የቀረ፣ በሀሌታው።

«አለፍሽ ማዘር» አለኝ ልጁ። «ቀጣይ።»

አለፍሁ። በእኔ ወንበር፣ በእኔ ተራ ትእዛዙ ተፈጽሟልና አለፍሁ። ኃላፊዬን ተከትዬ ቢሮው ገባሁ። ሌላ ቅጂ አለ ወይ አልሁት፤ ከሥልጠናው በኋላ ሊቀዳ ታስቦ ነበር አለኝ። ወረቀቱስ አልሁት፤ መጋዘን በጆንያ አለ አለኝ። የትኛው ጆንያ ስለው ማን ያውቃል አለኝ።

«አንቺ አለፍሽ አይደል?» አለኝ። «እዚሁ አባትሽ ጋ ቀረሽ። ከእንግዲህ ምን ትፈልጊያለሽ? ዝም አይነቅዝም። ሰው ከመጣ ሲስተሙ ላይ አልተገኘም በሉ።»

አልዋሽም፤ በባጃጅ ወደ ቤት ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። መቅረቴ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድሁ፤ በልጁ ከተናደድሁት ይበልጥ ተናደድሁ። ለአባቴ «አለፍሁ» አልኋቸው። ድምፄን ሰምተው «አለፍሁ የምትይው እንደ ወደቀ ሰው ነው» አሉ። ሁሉን ነገርኋቸው። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» አሉ። ልስ ብዬ የጻፍሁበት ቀን ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ግን ሳይወጣ ሌላ ነገር ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት መስኮቴ ላይ መጡ። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ካለበት አጠገብ ነው፤ ባላቸው ካለፉ ወዲህ ጎረቤት አጥር እየገፋባቸው ነው። «ልጄ፣ ማኅደሬን አውጪልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ወረቀት አምጪ ብለውኛል» አሉኝ። ጎኔ ያለችው ባልደረባዬ ገና ሳልናገር «አልተገኘም በያቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።

አልተገኘም። ሰማችሁ? አልተገኘም ሲባል እኮ ማንም ምንም አላደረገም፣ ማኅደሩ በገዛ እግሩ ወጥቶ ሄደ ማለት ነው።

«እማማ» አልኋቸው፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «ማኅደርዎ አልጠፋም፤ አጥፍተውት ነው። እዚህ ቤት፣ እኔ እያየሁ ነው ያጠፉት። ወረቀቱ መጋዘን ውስጥ በጆንያ ታስሮ አለ። ይፈለግልኝ ይበሉ። ብቻዎን አይበሉ፤ ብቻዎን ሲሆኑ ተመልሰው ይምጡ ይሉዎታል። የሐይቅ ዳር ጎረቤቶችዎን ሁሉ ይዘው ይምጡ።»

ይዘው መጡ። ሽማግሌው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ነጋዴው፣ ሕፃን ያዘለችው፤ የኃላፊያችንን በር ሞሉት። ኃላፊያችን እነሱ ፊት ስልክ ደወለ፣ መጋዘኑ ተከፈተ፣ ጆንያው መፈታት ጀመረ። እስካሁን ተፈትቶ አላለቀም፤ አንዳንዱም በስብሷል አሉ። የእኚያ እናት ማኅደር ግን ተገኝቷል። ይህን በጆሮዬ ስሰማ ወደ ዱርቤቴ የተዛወርሁበት ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር።

ምክንያት አሳምረው ጽፈዋል። የመሥሪያ ቤት ምስጢር አባክናለች፣ ትእዛዝ አትቀበልም ይላል። ትእዛዝ አትቀበልም። ያን ሁሉ ቀን አዳራሽ አስቀምጠው የትእዛዝ አጻጻፍ አስተማሩኝና መጨረሻው ይኸ ሆነ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ አነበብሁላቸው። ስጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ባሕር ዳርን በየትኛው ሐ ነው የጻፉት?»

አየሁት። «በሀሌታው።»

«እንግዲያማ ያባረሩሽ ከሌላ ከተማ ነዋ» አሉ። «ከእኛይቱ አይደለም።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ተነሡና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩ።

«ጋቢዬን ጨምሪልኝ» አሉ። «ወፍራሙን። ዱርቤቴ ማታ ማታ ይበርዳል ይላሉ።»

ከዚህ የምወጣ በቃሬዛ ነው ያሉ ሰው ናቸው። አልተከራከርኋቸውም፤ ብከራከርም ብቻዎን ይቅሩ ከማለት በቀር የምላቸው ሌላ አልነበረኝም። እቃችንን የጫንን ዕለት በሩን ራሳቸው ዘጉት፣ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካክተው አረጋገጡ።

አሁን ዱርቤቴ አንድ ክፍል ተከራይተናል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ምድጃው ላይ እሳት እያነደድሁ ሳለሁ ከመኝታቸው ተነሥተው ግድግዳ ሲፈልጉ ሰማኋቸው። እጃቸው የማያውቀው ግድግዳ ላይ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ቆመ።

«ፒደብልዩዲ» አሉ።

እንደ ድሮው ሊፈትኑኝ አልነበረም፤ የት እንዳሉ አያውቁም ነበር።

«ዱርቤቴ ነን፣ አባባ» አልሁ። «በሩ በቀኝዎ ነው።»

«ዱርቤቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን በአፋቸው እየቆጠሩ። «ደግ። ይህችስ በአንድ ዐይነት ብቻ ነው የምትጻፍ፤ ማንም አያሳስታትም።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ያ ልጅ ቁልፍ ሰሌዳውን ከእጄ ሥር ሲስበው ነበር የሚታየኝ። አባቴ በዚያ በማያውቁት ግድግዳ ላይ እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ይኸው ነው የሚታየኝ። ተነሥቼ እጃቸውን ያዝሁና በሩን አስነካኋቸው።